ሳቁን ለእኛ ተዉልን

(ደሴ ውስጥ ፊልም የሚወዱና የሚሞክሩ ወጣቶች በተሰበሰቡበት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ደሴ ላይ ቆሞ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብሎ የሚጀምር ሰው ግማሹን ቤት ሳይሰላም እንደገባ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፤ ግማሽ ደንበኛ ማስቀየም አልወድም።

እዚህ እንድቆም የተጋበዝኩት ስለ ፊልም ስለማውቅ አይደለም። ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። እነዚህ ከፊት የተቀመጡት ልጆች ለቀረጻ አምፖል፣ ገመድና ማከፋፈያ ሊገዙ ይመጣሉ። እነሱ በዋጋ ይከራከሩኛል፤ እኔ ባለፈው ፊልማቸው እከራከራቸዋለሁ። አንድ ቀን አንደኛው፣ "ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ሱቅ ውስጥ ከሚነግሩን ለምን አዳራሽ ውስጥ አይነግሩንም?" አለኝ። በወሬ አዘናግቶ ቅናሽ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከልቡ ኖሯል።

ስለዚህ የምናገረው እንደ ተመልካች ነው። የፊልም ትምህርት የለኝም። ፊልም የምገባው ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ባለቤቴ "ዛሬስ እንውጣ" ስትለኝ ወይም ልጆቹ ሲያስቸግሩኝ ነው። የምመርጠውም ኮሜዲ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ አልቅሶ የሚወጣ ሰው እስከዛሬ አልገባኝም። ልቅሶ እንደሆነ በየሰፈሩ በነጻ አለ፤ ያውም ንፍሮ ያለበት።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው፤ ግን ወደ እሱ የምሄደው በቪዲዮ ቤት በኩል ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ከዚህ መካከል ጸጉራችሁ የሸበተ ታውቁታላችሁ፤ የእናንተ ሰፈርም አንድ አያጣም። በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ካራቴ ይታያል፣ የህንድ ፊልም ይታያል፤ እኔ ግን የምጠብቀው እነዚያን ሁለት ሰዎች ነው፤ ጺማሙን ወፍራምና ዓይነ ሰማያዊውን ቀጭን። ባድ ስፔንሰርና ቴረንስ ሂል። ስማቸው አሜሪካዊ ይምሰል እንጂ ሁለቱም ጣሊያኖች ናቸው። ወፍራሙ እውነተኛ ስሙ ካርሎ ፔደርሶሊ ነው። ፊልም ከመጀመሩ በፊት ዋናተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ፣ በ1956 ደግሞ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለጣሊያን ዋኝቷል። ይኼን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ያኔ ባውቀው ኖሮ በሰፈር ውርርድ ስንት ሃምሳ ሳንቲም እበላ ነበር!

ቪዲዮ ቤቱ አስተርጓሚ ነበረው። አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱላ ይዞ ይቆምና ያስረዳናል። የሚተረጉመው ከእንግሊዝኛው ይሁን ከገዛ ሆዱ አላህ ይወቅ። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ወፍራሙን ሰውዬ በአማርኛ ሲያናግረው ከዋናው ተናጋሪ የተሻለ ሁሉ ይመስለኛል። ከዓመታት በኋላ ከነዚያ ፊልሞች አንዱን ከልጄ ጋር በጽሑፍ ትርጉም አየሁትና ቅር አለኝ። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰውዬው ስለ ሽሮ ያወራ ነበር።

ልጁ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ፊልሙን ከእኛ በፊት ደጋግሞ ስላየው አፉ አያርፍም። "አሁን እዩልኝ! ወፍራሙ ከላይ አናቱን በቡጢ ሊለው ነው!" ይላል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ቡጢው ሲመጣ ግን ሳቃችን አልቋል፤ ሰውዬው አናቱን ተብሎ ሲወድቅ እኛ ዝም ብለን እናየዋለን። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አለቀ። "አንተ ልጅ!" አሉት፤ "እኛም እኮ ዓይን አለን!"

የዚያን ቀን ትልቁ ሳቅ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ኮሜዲ ሲጎረብጠኝ ምክንያቱን ስፈልግ ብዙውን ጊዜ የማገኘው የእኒያን ሽማግሌ ቃል ነው።

እስቲ ከዘመኑ ፊልሞቻችን አንድ ትዕይንት ልሳልላችሁ። የአንድ ፊልም አይደለም፤ ከብዙዎቹ የለቀምኩት ነው። አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ይመጣል። ይደናቀፋል፤ ይወድቃል። ይኼ በራሱ ያስቃል፤ ሰው ሲወድቅ መሳቅ ከአዳም ጀምሮ ያለ ነው። ግን አልበቃቸውም። "ቧ!" የሚል ድምፅ ይገባል። ቀጥሎ ያው ውድቀት ከሌላ አቅጣጫ በዝግታ ይደገማል። ቀጥሎ ጓደኛው ሆዱን ይዞ ሲንከተከት ያሳዩናል። በመጨረሻ የወደቀው ሰው ራሱ ተነስቶ "ወይኔ! ወደቅሁ እኮ!" ይላል። እንግዲህ አንዱ ውድቀት አራት ጊዜ ተሸጠልኝ ማለት ነው። እኔ አንዱን ሶኬት ለአራት ሰው ብሸጥ ንግድ ፈቃዴን ነው የምነጠቀው።

ፈረንጆቹም ከዚህ በሽታ የጸዱ አይደሉም፤ እንዲያውም ማሽን ሠርተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቻርልስ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ ሳቅ የሚያወጣ ሳጥን ሠራ። እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች አሉት። አንዱን ሲጫኑት የጥቂት ሰዎች ቀስ ያለ ሳቅ ይወጣል፤ ሌላውን ሲጫኑት አዳራሽ ሙሉ ሰው ይንከተከታል። የቴሌቪዥን ቀልድ ደከም ያለ በመሰላቸው ቦታ ሁሉ ቁልፉን ይጫኑታል። በሙያዬ ማሽኑን አደንቃለሁ፤ ሱቄ ቢመጣም ሳልሸጠው አላድርም። ተመልካች ሆኜ ሳየው ግን ያው የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ነው፤ ዱላው ብቻ በቁልፍ ተቀየረ።

ከነሱው መካከል ተቃራኒውን የሠሩም አሉ። ማርክስ ብራዘርስ የሚባሉ ወንድማማች ቀልደኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣውን አንዱን ፊልማቸውን ከመቅረጻቸው በፊት ዋና ዋና ትዕይንቶቹን መድረክ ላይ ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩ። የትኛው ቀልድ እንደሚያስቅ ብቻ አልነበረም የሚያዩት፤ ሳቁ ምን ያህል እንደሚቆይም ይለኩ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ከቀልዱ በኋላ ለዚያ ያህል ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ሰው ስቆ ሲጨርስ ቀጣዩን ይናገራሉ። ለሳቃችን ቦታ ለቀቁልን ማለት ነው።

ይኼን ለኮምቦልቻና ለደሴ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የለመደ ሾፌር ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ፍሬን የሚይዘው መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ነው። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ የሚይዝ ሾፌር አጋጥሟችሁ ከሆነ ዱዓችሁንም ጸሎታችሁንም ታስታውሳላችሁ። የኛ ኮሜዲ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን የለውም። አንዱን ቀልድ ሰምተን አፋችንን ስንከፍት ሌላው ላዩ ላይ ይወድቅበታል፤ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሴት ልጄ አንዴ "አባዬ፣ ምን አለ?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስነግራት ሦስተኛው አለፈን።

ይኸችው ልጄ በስልኳ ያሳየችኝ ሌላም አለ፤ ቡስተር ኪተን። እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ማዕበል ከተማውን እያመሰው ሰውዬው አንድ ቤት ፊት ለፊት ይቆማል። ከጀርባው የቤቱ ግድግዳ እንዳለ ተገንጥሎ ይወድቅበታል። የቆመው ግን ክፍቱ መስኮት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ ግድግዳው ዙሪያውን አልፎት መሬት ይመታል፤ እሱ ምንም ሳይሆን መካከል ላይ ቆሞ ይቀራል። ግድግዳው የእውነት ግድግዳ ነው፤ ትንሽ ቢሳሳቱ ሰውዬው አልቆለት ነበር። የሚገርመኝ ድፍረቱ ብቻ አይደለም። ፊቱ ነው። አይስቅም፣ አይጮኽም፣ ወደኛ ዞሮ ዓይኑን አይጠቅስም። ለኛ ትቶልናል። እኔ በበኩሌ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ስልኩ የሷ ነው፣ ካርዱ የኔ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ጋሼ፣ የነጭ ፊልም አይተው እኛን ሊያስተምሩ ነው" እያላችሁ ይሆናል። ኧረ እኛ ቤት ከነሱ በፊት የነበረ ነው! አለቃ ገብረ ሃና አንድ ቀን መንገድ ላይ አህያ የምትነዳ ሴት አገኙ ይባላል። ባርኔጣቸውን... አይ፣ ባርኔጣ እንኳ አልነበራቸውም፤ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና "እንደምን አደራችሁ?" አሏት። ሴትዮዋ የታላቅ ሰው ሰላምታ ደስ ብሏት "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ አለፈች። ጥቂት እንደሄደች ቆም አለች። አደራችሁ? እኔና ማን? ዞር ብላ አህያዋን አየቻት። አለቃ ያን ጊዜ ርቀዋል።

"አደራችሁ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው ሁሉ ነገር ያለው። አለቃ "ቧ!" የሚል ድምፅ አላስገቡም፤ "ከአህያሽ ጋር ማለቴ ነው" ብለውም አላብራሩ። ቀልዱን ሴትዮዋ ኪስ ውስጥ ከተው ሄዱ። እሷ ስታገኘው ነው የፈነዳው፤ እኛም ይኸው ስንት ዓመት እንስቃለን። ሰምና ወርቅ ያስተማረ ሕዝብ፣ ፊልም ላይ ሲደርስ ወርቁን ልጦ አብስሎ በማንኪያ ካላጎረሰ አይሆንለትም፤ ይኼ ነው የማይገባኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንድ የተለመደ ሰው አለ፤ ባላገሩ። ከገጠር አዲስ አበባ ይገባል። ዱላ ይዟል፤ ሊፍት ሲያይ ይበረግጋል፤ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ይጠጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አነጋገሩ የኛ ነው ይባላል። ከነዚህ ፊልሞች አንዱን እዚሁ ደሴ አይቻለሁ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ተዋናዩ ብቅ አለና የወሎ ሰው ነኝ ብሎ አፉን ከፈተ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉም የታሰበው እንደዚያ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ግን አዳራሹ ጭጭ አለ። ምን እንደሚል አልገባንማ! በመጨረሻ ከጎን አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ "ይኼ የየት አገር ሰው ነው?" አለ። አዳራሹ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ተዋናዩ አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ሰው "አብሽር፣ ቀስ ብለህ ንገረን" ይለው ነበር። ወላሂ፣ ለፊልሙ የከፈልኩት ሳይሆን ለአዳራሹ የከፈልኩት ነው የሚመስለኝ።

የወሎን ሰው አትሳቁበት ማለቴ አይደለም። ወሎዬ በራሱ ለመሳቅ ማንንም አያስፈቅድም፤ ቡና ላይ ከአቦሉ እስከ በረካው የሚወራውን ታውቃላችሁ። የኔ ቅሬታ ሰውዬው ከአነጋገሩ ሌላ ምንም የሌለው መሆኑ ነው። ምን ይፈልጋል? ማንን ይፈራል? በምን ይኮራል? የለም። አፉን ከፈተ፣ አለቀ።

ኤዲ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1988 በሠራው "ካሚንግ ቱ አሜሪካ" ውስጥም እንግዳ ሰው ነው ከተማ የሚገባው። ዛሙንዳ የሚባል አገር ልዑል ኒውዮርክ ሄዶ፣ ልዑልነቱን ደብቆ ምግብ ቤት ወለል ይጠርጋል። ከተማውን አያውቅም፤ በዚያ እንስቃለን። ግን ከተማውም እሱን አያውቅም፤ በዚያ ደግሞ የበለጠ እንስቃለን። ከሀብታሙ ምግብ ቤት ባለቤት ጀምሮ ሁሉም መጥረጊያ የያዘውን ሰው ይንቁታል፤ የሚንቁት ማንን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ቀልዱን ያስያዙን እኛን ነው። በርግጥ የሳሉት አፍሪካ የሚያስቅ አፍሪካ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዝሆን ይዞራል። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ የአይጠየፍን አዳራሽ ሲያሠሩ ዝሆን የጠየቁ አይመስለኝም። ግን ነገሩ በጣም ከመጋነኑ የተነሣ፣ የሚሳቅበት አፍሪካዊው ሳይሆን አፍሪካን እንደዚያ ብሎ የሚያምነው ሰው ሆኖ አረፈው።

ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ ባላገሩን ማየት ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ አትሂዱ። ሰኞ ገበያ ለሁለት ሰዓት ያህል ቁሙ። በግ ሊሸጥ የመጣ ገበሬና አታልለዋለሁ ብሎ የመጣ ደላላ ፊት ለፊት ሲገናኙ እዩ። ገበሬው ያልሰማ ይመስላል። ዋጋ ሲጠራለት ስለ ዝናብ ያወራል። ደላላው ይጮኻል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ገበሬው በጉን እያሻሸ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ የደላላውን ፊት ማየት ይበቃል። እዚያ ውስጥ ማንም ሊፍት አይፈራም።

ሌላም ነበረኝ፤ ቶሎ ልለፈው። ኮሜዲዎቻችን የመጨረሻ ሃያ ደቂቃቸው ላይ ድንገት ክራር ይገባና ምክር ይጀምራሉ። ሲያስቀን የቆየው ሰው እንባ እያነቀው ስለ ትዳር ይሰብከናል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያሳቁን ሰዎች ስላሳቁን ይቅርታ የሚጠይቁን ይመስለኛል። አያስፈልግም፤ ይቅር ብለናል።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ አትስማማም። እሷ እዚህ ብትኖር ኖሮ እጇን አውጥታ ነበር። "ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ነው የሚገባው፤ እዚህ ጋ ሳቅ ብሎ ቢነግረው ምን አለበት? አንተ ለሳቅም ሒሳብ ትይዛለህ" ትለኛለች። ለዚህ እስከዛሬ መልስ አላገኘሁላትም። እውነቷን ነው፤ ያቺ "ቧ!" ስትሰማ ከልቧ የምትስቅ ሴት ናት፤ እኔም ከፊልሙ ይልቅ እሷን እያየሁ የሳቅሁበት ቀን አለ።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ እኛ አልወጣንም፤ እናቴ መንገድ አይችሉም ነበር። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ቤት ጨለማ ሆነ። ልጄ ስልኳ ላይ ጥቂት የሚስተር ቢን ክፍሎች ጭናለች። ሚስተር ቢን እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ነው። ሰውዬው የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው፤ የኔው ዘርፍ ሰው ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራው የቴሌቪዥኑ ተከታታይ አሥራ አምስት ክፍል ብቻ ነው፤ ዓለም ግን እስከዛሬ እያየው ነው።

ባትሪ እንዳያልቅ ስልኩን አጥፍተን ማታ ማታ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንከፍተዋለን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለናል። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግተነዋል፤ ድምፅ ወደ ውጭ እንዲወጣ አንፈልግም ነበር። ስለዚህ ከበስተጀርባ የሚሰማው የታዳሚ ሳቅ አልነበረም። ከክፍሎቹ አንዱ ላይ ሰውዬው መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይሠራል። አጠገቡ ሳንድዊቹን አዘጋጅቶ ይዞ የመጣ ሌላ ሰው አለ፤ ዝም ብሎ ያየዋል። ቢን ዳቦውን በመቀስ ይቆርጣል። ሰላጣውን ያጥብና የእግሩን ካልሲ አውልቆ ውስጡ ይከተዋል፤ ውሃው እንዲወጣ ያሽከረክረዋል።

እናቴ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። ቪዲዮ ቤት የሰይጣን ነው ብለው ስንት ጊዜ ጆሮዬን ጠምዝዘውኛል። የዚያን ማታ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲችሉ አወጡትና በሹክሹክታ፣ "ያ አላህ! ይኼ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ?" አሉ። ሁላችንም ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባን።

ሳንድዊቹ ሳያልቅ ስልኩ ጠፋ። ባትሪው አለቀ። በማግስቱ ማታ ግን እናቴ አልተዉትም፤ "ያ የካልሲው ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?" አሉ። ልጄ ቀድማ አይታዋለች፤ ልትነግራቸው ስትል አስቆምኳት። እናቴ ጥቂት አሰቡና "አይበላውም" አሉ። "አምላክ ያንን አያስበላውም። ያ አጠገቡ ያለው ሰው ያካፍለዋል።"

መብራት ሲመጣ የመጀመሪያው የተሰካው ያ ስልክ ነው። ቢን ሻዩን ይዞ፣ ሳንድዊቹን አንስቶ ሊጎርስ ሲል ያስነጥሰዋል፤ ሁሉም ይበተናል። አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰውዬ የራሱን ሳንድዊች ዘርግቶ አካፈለው።

እናቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደኛ ዞሩ። "አላልኳችሁም?"